«ተማምነናል» ቤት አያቆምም

በጨፋ ሮቢትም ሆነ በከሚሴ ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ውሉ አንድ ቃል ነው፤ «ተማምነናል»። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ዓረብ አገር በሰው ቤት ከምትደክም እህት ነው። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያውን ይቀበላል፤ መሠረቱን ያወጣል። ከዚያ «ሲሚንቶ ጨመረ» ይላል። ቀጥሎ ስልክ አያነሳም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ «መሬቱ ነው» ይላል። በመጨረሻ ሽማግሌ ይጠራል፤ በሽማግሌው ፊት ያለው ማስረጃ ግን የሁለት ሰው «ወላሂ» ብቻ ነው።

«ሙስሊም ለሙስሊም ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» የሚሉ ወንድሞች ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282ን ይመልከቱ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። የሚያዘውም አማኞችን ነው። ላልተሠራ ሥራ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ከዕዳ በምን ይለያል? እንግዲያው መጻፍን እንደ አለመተማመን የምንቆጥረው ከየት አምጥተን ነው?

«መሬቱ ነው» የሚለውን ሰበብም አንቀበልም። የጨፋ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንደሚሰነጠቅ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ተቋራጩ ሳያውቅ ቀረ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ ቢመጣም ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ይህን ዋስትና የሚያሳጥር ውል ቢፈረም እንኳ አይጸናም። ነገር ግን ማን እንደሠራውና መቼ እንደተረከብነው በጽሑፍ ካልያዝን 10 ዓመቱን ከየት እንቆጥራለን?

ስለዚህ ዋጋው፣ የብረቱና የሲሚንቶው ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀን ይጻፍ። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ መሠረት አልቆ ሲታይ፣ ግድግዳ አልቆ ሲታይ፣ ቆርቆሮው ሲመታ። ጠብ ከመጣ ስድቡ ይቅር፤ ጉድለቱን ፎቶ አንስተን፣ ሌላ ግንበኛ አሳይተን፣ በጽሑፍ እናሳውቀው። ሽማግሌ ካስታረቀም እርቁ ይጻፍና ይፈረም። ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። «ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዳኘን» የምትሉ ደግሞ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለሃይማኖት ሕግ የተወው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው። የግንባታ ውል የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ወረቀቱ ለባለቤቱ ብቻ አይጠቅምም። ቤቱን ጨርሶ ላስረከበ ግንበኛ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ደመወዙን የሚያስቀር ባለቤትም በመካከላችን አለ። የሠራተኛን ላብ መብላት ከሲሚንቶ ስርቆት አያንስም፤ ሁለቱም ሐቅ መብላት ነው።

የእህታችን የዓመታት ድካም በአንድ «ወላሂ» ላይ እንዳይቆም ዛሬውኑ እስክሪብቶ እናንሳ። ታማኝ ተቋራጭ ለመፈረም አያንገራግርም፤ የሚያንገራግረውን ግን መሠረት ሳይቆፈር ብናውቀው ይሻላል።