የጽጌረዳ ቅጠል ሲታመም

ጽጌረዳን መትከል ቀላል ነው፤ ተክሎ መጠበቅ ግን ትጋትን ይጠይቃል። በደጋው አገራችን ቀጋ የሚባለው የዱር ጽጌረዳ በገዛ እጁ ስለሚበቅል፥ አየሩ ለጽጌረዳ ወገን የተስማማ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን ያው አየር በክረምት ለሻጋታም ይስማማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ነፍሷን ይማርና፥ እናቴ በደጃችን የተከለችው ጽጌረዳ በነሐሴ ወር ቅጠሉ እየነጣጠበ ይረግፍ ጀመር። እኔም የራበው መስሎኝ ፍግ ጨመርሁለት፤ የረገፈውንም ቅጠል ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ ከሥሩ ከመርሁት። በሚቀጥለው ክረምት ሕመሙ ጸና፤ ከሦስቱ ግንዶችም አንዱ ደረቀ። ለካስ ጠላቱን በገዛ እጄ በደጁ አስቀምጬለት ኖሯል። አንባቢዎቼ ይህን ስሕተት እንዳይደግሙት የተማርሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ፍርድ ከምርመራ በኋላ እንደሚሰጥ፥ መድኃኒትም ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ይሰጣል። የጽጌረዳን ቅጠል አዘውትረው የሚያጠቁት ሻጋታዎች ሦስት ናቸው።

መጀመሪያው ጥቁር ነቁጥ ነው። ጠርዙ የተበጣጠሰ ክብ ጥቁር ምልክት በታችኛው ቅጠል ላይ ይጀምራል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ዘሩ የሚዛመተው በሚፈናጠቅ ውኃ ነው፤ ለመብቀልም ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቈየት አለበት። ከዚያም በወደቀው ቅጠልና በታመመው ቅርንጫፍ ላይ ተደብቆ ይከርማል።

ሁለተኛው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ነው። ለጋውን ቅጠልና እንቡጡን ይይዛል፤ ቅጠሉንም ያኰማትረዋል። ይህኛው የረጠበ ቅጠል አይሻም፤ ቀኑ ሞቃትና ደረቅ፥ ሌሊቱ ግን ቀዝቃዛና ጤዛማ ሲሆን ይበረታል።

ሦስተኛው ዋግ ነው። ከቅጠሉ በታች በኩል ብርቱካን መልክ ያለው ብናኝ ስለሚያወጣ፥ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ጽጌረዳ ፀሐይ በሚያገኝበትና ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ ይተከል፤ አንዱ ከሌላው ይራቅ። ውኃ በማለዳ ከሥሩ ይጠጣ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ አይደርቅምና። መካከሉን ያጨናነቁት ቅርንጫፎች ይከርከሙ፤ መቀሱም ከታመመው ወደ ጤነኛው ከመሻገሩ በፊት በአልኮል ይጠረግ። የታመመውና የረገፈው ቅጠል ሁሉ ተለቅሞ ይቃጠል፤ ብስባሽ ከሚዘጋጅበት ጕድጓድም አይጨመር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ቢቀጥል፥ በአራት ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በጥብጦ በየሳምንቱ የቅጠሉን ላይና ታች መርጨት ነው። ሶዳና ዘይት ነጩን ሻጋታና ጥቁሩን ነቁጥ እንደሚቀንሱ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመርምሮ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነገር ግን ሶዳ ሲበዛ ቅጠልን ያቃጥላል፤ አፈሩንም ጨዋማ ያደርጋል። ስለዚህ አስቀድሞ በሁለት በሦስት ቅጠል ላይ መሞከር ይገባል።

ድኝም ለነጩ ሻጋታ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም በጠራራ ፀሐይ ወይም ዘይት ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይረጭም። የመዳብ መድኃኒት ታሪክ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አጠገብ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይሰርቅ የመዳብ ጨውና ኖራ በመንገድ ዳር ተክል ላይ ይረጩ ነበር። ፕሮፌሰር ሚላርዴ የተረጨው ወይን ከሻጋታ መዳኑን አስተውለው በ1885 እ.ኤ.አ. ለዓለም ገለጡ። የሌባ መከላከያ የተክል መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ማናቸውንም መድኃኒት የሚረጭ ሰው ግን አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ እጁን ይታጠብ፤ ዕቃውንም ከሕፃናት ያርቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መድኃኒት አዲሱን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የጠቈረውን አይመልስም። ስለዚህ መጠበቁ የሚጀመረው በሰኔ፥ ዝናቡ ሳይበረታ ነው።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ሲገባ የቀሩት ሁለት ግንዶች ቅጠላቸው ለምልሞ፥ እናቴ የምትወደውን ቀይ አበባ አወጡ። የደረቀው ግንድ ግን አልተመለሰም።