ምርቃና ከየት ይመጣል?

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ጫት ከደጋው በመኪና ይወርድላታል። ፈተና የደረሰበት ተማሪም ሆነ የሌሊት ተረኛ «ጉልበት ይሰጠኛል» ብሎ ይገዛዋል። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነውና፣ ሸቀጥ ተስፋ ሲሰጥ «ከየት አምጥቶ?» ማለት ይቀናኛል።

መልሱ ነርቮቻችን ጫፍ ላይ አለ። ነርቭ መልእክቱን ወደ ሌላው ሕዋስ የሚያሻግረው በኬሚካል ነው፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኬሚካሎቹ ነርቩ ጫፍ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተከማችተው ይጠብቃሉ። ምልክት ሲመጣ ከረጢቶቹ ወደ ውጭ ይራገፋሉ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ነርቩ አብዛኛውን መልሶ ይሰበስብና ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጣል፤ የጎደለውንም ያመርታል። ይህን የማከማቸትና የመሰብሰብ ሥራ የገለጡት ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጁሊየስ አክሰልሮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ከበርናርድ ካትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ይህን ሥርዓት ያዛባል። ኬሚካሉ ያለ ጥሪ ከመጋዘኑ እንዲወጣ ያደርጋል፤ የሚመለስበትንም በር ይዘጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓዘውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምርቃና ከውጭ የገባ ጉልበት አይደለም፤ ከራሳችን ጎተራ የወጣ ነው። ወሬው ሞቆ፣ እቅዱ ሁሉ ተሳክቶ የታየበት ሰዓት ሲያልፍ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። በጨብሲ ለማስተካከል መሞከር ደግሞ መጠጥን ሌላ ችግር አድርጎ መጨመር ነው።

በቆላ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካቲኖን የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ከፍ ያደርጋል። አየሩ ራሱ በሚያቃጥልበት ቀን ይህ ለሰውነት ድርብ ሸክም ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቢርቁት ይበጃቸዋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ለጥናት ነው» ካላችሁ ቁጣውን አቆዩትና የመጋዘኑን ነገር አጫውቱት። የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን በምርቃና ያነበበ ተማሪ ያነበበውን የሚያጸናለትን እንቅልፍ ሸጦ ነው የሚያድረው። ማታ በጊዜ ተኝቶ ንጋት ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ተነሥቶ ቢያነብ ያተርፋል።