ክሪሚኖሎጂ ለሃይስኩል ተማሪ? አዎ!

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 16 ዓመት ያለፋቸው ተማሪዎች ክሪሚኖሎጂን፣ ማለትም የወንጀል ጥናትን፣ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መርጠው መማር ይችላሉ። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ የመጀመሪያው መልስ «ደግሞ ልጆቹን ሌብነት ልናስተምር ነው?» የሚል ነው። ከዚያ ሳቅ።

እኔ ግን የምሬን ነው።

9ኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ ዕድሜው ስንት ነው? 15 አካባቢ። አሁን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ክፈቱ። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ጥፋተኛ ቢባል እንኳ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ተግሣጽ፣ ክትትል፣ ቢብስ የጠባይ ማረሚያ ነው የሚጠብቀው። 15 ካለፈው በኋላ ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ 18 እስኪሞላው ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ «ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም። እንግዲህ ተማሪያችን ይህን መስመር የሚሻገረው እኛው ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ነው። ማንም አይነግረውም። ሕጉ ደግሞ አንቀጽ 81 ላይ «አላወቅኩም» ማለት መከላከያ አይሆንም ይላል። ፓይታጎረስን ደጋግመን እናስተምረዋለን፣ ይህን አንዴም። (የሒሳብ መምህራን እንዳትቆጡኝ።)

የተሰረቀ ስልክ እያወቀ በርካሽ የገዛ ልጅ «እኔ አልሰረቅኩም» ብሎ በሙሉ ልቡ ይከራከራችኋል። መግዛቱ ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን የሚሰማው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እዚያ ሲደርስም ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ፣ ሂዱና አንብቡት።

ይህ ግን ገና ሕግ ነው። ክሪሚኖሎጂ «ምን ሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ጋ ነው። ሎምብሮሶ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ በመንጋጋው፣ በጆሮው ይለያል አለ። እንግሊዛዊው ጎሪንግ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን ለክቶ፣ ካልታሰሩ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ የተባለው ዓይነት መልክ የለም። ነገሩ ከመቶ ዓመት በፊት ያለቀለት ነው። እኛ ሰፈር ግን ሎምብሮሶ ዛሬም አልሞተም! «ፊቱ አያስታውቅም እንዴ?»፣ «የሌባ ዘር»... ክፍል ውስጥ ካልኩሌተር ሲጠፋ መጀመሪያ የማን ቦርሳ እንደሚፈተሽ መምህራን እናውቃለን። ጫማው የተቀደደው ልጅ ነው። ሌባ ሌባ ሲሉት የኖረ ልጅ «ካልቀረልኝማ» የሚልበት ቀን ይመጣል፤ ይህንንም ለብቻው የሚያጠና የክሪሚኖሎጂ ዘርፍ አለ። እሱን ተማሪውም፣ ቦርሳ የምንፈትሸው እኛም ብንማረው አይከፋም።

አዲስ መጽሐፍ ይታተም አላልኩም፤ ያለውስ መቼ በቅጡ ደረሰ? ዜግነት ትምህርት ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይበቃኛል። ግን መጨረሻው «ወንጀል ማለት ምንድን ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ከሆነ ይቅር።

ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ፖሊስ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የምረቃ ፎቶ ብቻ ነው የምትልኩልኝ። እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ መጥታችሁ ልጆቹን አነጋግሩልኝ። ኢንቦክስ አድርጉ፤ ርዕሰ መምህሩን ማስፈቀድ የእኔ ሥራ።