አሮጌ ዕቃና የገና ዛፍ

ብልህ ሰው በዓልን ባለው ነገር ያከብራል፤ ሰነፍ ሰው ግን በሌለው ነገር ሊያከብር ይሞክርና በዓሉ ሲያልፍ ዕዳው ብቻ ይቀረዋል። ይህ ነገር ለመናገር ቀላል ነው፤ የገና ሰሞን በደረሰ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ የገና ዛፉን በምን እንደሚያስጌጥ መመርመር ትንሽ ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ ልጆች በዓልን በምን መለኪያ እንደሚለኩ የሚማሩበት ስለ ሆነ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የገና ዛፍ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የወጣ አይደለም፤ ከውጭ አገር የመጣ የቤት ልማድ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1605 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ስለ ነበረው ልማድ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚያመለክተው፣ የዚያ አገር ሰዎች በገና ሰሞን በቤታቸው ዛፍ አቁመው ልዩ ልዩ ቀለም ካለው ወረቀት የተሠራ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣና ጣፋጭ ነገር ይሰቅሉበት ነበር። በጀርመን አገር ላውሻ በምትባል መንደርም የብርጭቆ ጌጥ የተጀመረው፣ አንድ ድኻ ብርጭቆ ነፊ ለልጆቹ ፖም የሚገዛበት ገንዘብ ቢያጣ በብርጭቆ ፖም ሠርቶ ስለ ሰቀለ ነው ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ዛፉን ያቆሙት የቀድሞ ሰዎች ያስጌጡት በጓዳቸው በተገኘው ነገርና በእጃቸው ሥራ ነበር። ዛሬ ግን በየዓመቱ አዲስ ብልጭልጭ ካልተገዛ ዛፉ ዛፍ አይባልም የሚል አሳብ ገብቷል፤ ይህም ከልማዱ መጀመሪያ ጋር የማይስማማ ነው።

ይህንን ነገር ከሌሎች ከተሞች ይልቅ ድሬዳዋ ልትረዳው ይገባታል። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከቦታው በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ናት። በባቡሩም ምክንያት ከአገሬው ሕዝብ ጋር ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ ጎረቤት ሆነው ኖረውባታል። ያ አሮጌ ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ያመጣው ዕቃ ግን በከዚራና በመጋላ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በታይዋን ገበያ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ዕቃ እንደሚገኝ ሁሉ፣ አሮጌውን ዕቃ ደግሞ ልዋጭ ባዩና ቁራሌው በየደጁ እየዞሩ ይሰበስቡታል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ከተሳለሙ በኋላ እስከ ገና ድረስ የሚቀረው ጊዜ ዐሥር ቀን ያህል ነው። በዚህ ዐሥር ቀን ውስጥ የአንድ ቤት እናት ወደ ገበያ ከመሄዷ በፊት ሣጥኗን ብትከፍት ምን ታገኛለች? የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩት አያት የደንብ ልብስ የተረፈ የናስ ቁልፍ ታገኝ ይሆናል። ክሩ የተበጠሰ የአያት የአንገት ዶቃ፣ የሐረር ሴቶች የሰፉት ትንሽ ሙዳይ፣ ሙስሊሟ ጎረቤት ለሠርግ ቀን የሰጠቻት ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ይገኛል። ምናልባትም ማንጠልጠያ የተበጀለት፣ የ1780 ቁጥር የተቀረጸበት ጠገራ ብር ይገኝ ይሆናል፤ ይህም በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አባቶች ሲገበያዩበት የኖሩት ነው። እነዚህ ሁሉ በክር ታስረው በዛፉ ላይ ቢሰቀሉ ልጁ «ይህ ቁልፍ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባቱም ሲመልስለት የአያቱን ስም፣ በባቡሩ ዐውደ ሥራ በእሳትና በብረት መካከል የደከሙትን ድካም ይነግረዋል። ከገበያ ትናንት ስለ መጣው ኳስ ግን ልጁ ቢጠይቅ ከዋጋው በቀር የሚነገረው ታሪክ የለም።

በዚህ ላይ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለምን? ታዲያ በዓል በአሮጌ ዕቃ እንዴት ይከበራል? የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም፤ ለበዓል የተሻለውን ማቅረብ የአባቶች ሥርዓት ነውና። ነገር ግን ምሳሌው በደንብ ቢታይ የሚናገረው ስለ ተቀመጠ ቀሚስ ነው። ከሣጥን የማይወጣ ቀሚስ ቢበጣጠስ ይሻላል ማለቱ፣ ያለህን መልካም ነገር ለበዓል አውጣው ማለት ነው እንጂ ተበድረህ አዲስ ግዛ ማለት አይደለም። ደግሞ «ጎረቤት ምን ይለናል?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህም «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለው የአገር ምሳሌ በቂ መልስ ነው።

ነገሩ ስለ ጌጡ ብቻ ሳይሆን ስለ ዛፉም ነው። ጥድ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሥሩም የተራራውን አፈር ይይዛል። ለጥቂት ቀን ደስታ ሲባል ለጋው ጥድ ከሐረርጌ ተራራ እየተቈረጠ ወደ ቆላ ቢወርድ፣ ተራራው ይራቈታል። ተራራ ሲራቈት ምን እንደሚሆን የድሬዳዋ ሰው መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ በደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን አጥፍቷልና። የዚያ ጎርፍ ኃይል የበረታው ተራራው ደኑን በማጣቱ ጭምር እንደ ሆነ ተመስክሯል። የገና ዛፍ ብቻውን ደኑን አጠፋ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ያንን ሐዘን ያየች ከተማ አንዲቱንም ጥድ በከንቱ ልታስቈርጥ አይገባትም። ከአምና የተቀመጠ የፕላስቲክ ዛፍ፣ ወይም ራሱ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ በአሸዋ በተሞላ ጣሳ ቢተከልና ጥጥ ጣል ጣል ቢደረግበት ለልጆች ደስታ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ቁጠባም ልክና ሕግ አለው። አሮጌ ዕቃ ከሌላ ሰው የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ማሰብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ዕቃው ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቅ፤ የተሰረቀ ጌጥ በዛፍ ላይ ቢሰቀል ቤቱን አያስጌጥም፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለየ ንዋይም የቤት ጌጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ክሩ የተላጠ አሮጌ የመብራት ገመድ ርካሽ ነው ብሎ አይግዛ፤ በደረቅ ዛፍ ላይ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ቤት ታቃጥላለችና።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የሻጩ ነገር ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በገና ዋዜማ የሠርጓን ብርጭቆ ይዛ ወደ ገበያ ብትወጣ፣ ያወጣት ጌጥ ስለ ተረፋት አይደለም፤ ለልጆቿ የሚበላ ስላጣች ነው። ገዢው ችግሯን አይቶ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ቢያወርድ፣ ወደ ቤቱም ገብቶ «በርካሽ አገኘሁት» ብሎ ቢመካ፣ በዛፉ ላይ የሰቀለው የድኻ እንባ ነው። ልጆቹም በዚያ ቀን የሚማሩት ቁጠባን ሳይሆን ጭካኔን ነው። እርሷም እንደ እርሱ ገና አላት። ስለዚህ በአሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ዋጋ ብዙ ያተረፈ ሰው፣ ከትርፉ ጥቂቱን ለሻጩ ቢመልስ በዓሉን በእውነት አከበረ ይባላል።

ዛፉ የሚቆምለት ጌታ በከብቶች ግርግም ተኝቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ያ ግርግም ለእርሱ ተብሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ አልነበረም፤ አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ሲያገለግል የኖረ ነበር። ይህን የሚያውቅ ቤተ ሰብ በአሮጌ ዶቃና በናስ ቁልፍ አያፍርም። እናቶች ሣጥናቸውን ይክፈቱ፤ አባቶች ታሪኩን ይንገሩ፤ ልጆችም በየዓመቱ በእጃቸው የሠሩትን አንዳንድ ነገር ይጨምሩበት። በዓሉም ሲያልፍ ሁሉ ተጠቅልሎ በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ ዛሬ የሚሰቅለው ልጅ ነገ ለልጁ የሚያወርሰው እርሱ ነውና።