ኩሉን ስጡ፤ መኳያውን አትስጡ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምድጃ ጢስ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ስለ መኳኳል እንነጋገራለን። «ይሄ የከተማ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትል አንባቢ ብትኖር፣ እስቲ በነሐሴ ወር የላስታን መንደሮች ትይ። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የአሸንድዬ ጨዋታ ይጀመራል። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ይሠራሉ። ዓይናቸውን ይኳላሉ። ቀሚሳቸውን አጥበው ይለብሳሉ። ድሪ ያላት ድሪዋን፣ አልቦ ያላት አልቦዋን ታጠልቃለች። የአሸንድዬውን ቅጠል በወገባቸው አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በገናም፣ በጥምቀትም፣ በሠርግም መኳኳል አለ።

ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ኩል፣ ቅቤ፣ አደስ፣ እንሶስላ፣ ሚዶ፣ ወስፌ ነው። አንዳንዱ ከቤት ይገኛል። አንዳንዱ ከጓሮ ወይም ከወንዝ ዳር ይገኛል። የቀረው ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ይገዛል። ታዲያ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለን የዕቃው አያያዝ ነው። ከሁሉም በላይ አንዲት ትንሽ እንጨት አለች፤ እሷን ዛሬ በደንብ እንያት።

መኳያ ማለት ኩሉን ከብልቃጡ አውጥተን ወደ ዓይናችን የምንወስድባት ቀጭን እንጨት ናት። ከብር ወይም ከናስ የተሠራች መኳያ ያላቸውም አሉ። በብዙ ቤት የምትገኘው ግን አንዲት ብቻ ናት። እናት ትኳልባታለች። ሴት ልጅ ትኳልባታለች። ጎረቤትም ትዋሳታለች። የአሸንድዬ ዋዜማ ሲሆን ደግሞ አምስት ስድስት ልጃገረዶች አንድ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዲት ብልቃጥ መሐላቸው ትቀመጣለች። አንደኛዋ ስትጨርስ ለሁለተኛዋ ታቀብላለች፤ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ ታቀብላለች። አንዳንዷም ኩሉ እንዲይዝላት መኳያዋን በምራቋ ታርሳለች። ሳቁና ጨዋታው ደስ ይላል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዲቷ ዓይኗን የሚያማት ከሆነች፣ ሕመሟ በመኳያዋ ላይ ይቀራል። መኳያዋ ተመልሳ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ብልቃጡም ንጹሕ አይደለም።

የአገራችንን ሰው ዓይን ከሚያጠፉት በሽታዎች አንዱ ትራኮማ ነው። የዓይን ማዝ የሚሉትም አሉ። የሚመጣው በዓይን ከማትታይ ትንሽ ተሐዋስ ነው። ተሐዋሷ በዓይናርና በንፍጥ ውስጥ ትገኛለች። በጣት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በፎጣና በዝንብ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ትሻገራለች። የታመመ ዓይን የነካ ዕቃ ሁሉ ሊያሻግራት ይችላል። መኳያ ደግሞ የተሠራችው ዓይን ለመንካት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የዓይን ጤና ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል፣ በአገር ደረጃ ከ100ው 40ዎቹ ትራኮማ ይዟቸው ተገኘ። በአማራ ክልል ግን ከ100ው ከ60 የሚበልጡት ተይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ የትራኮማ መድኃኒት በዘመቻ ለሕዝቡ ሲታደል ቆይቷል። በብዙ ቦታ በሽታው ቀንሷል። ከክልላችን ግን ገና አልጠፋም።

ትራኮማ አንድ ጊዜ ይዞ ቢለቅ ይሻል ነበር። እሱ ግን ደጋግሞ ይይዛል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የታጠፈው ሽፋሽፍት ዐይን በተከደነና በተገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ብሌኑ ይደፈርሳል። ኋላም ዓይን ይጠፋል። ይህ መከራ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል፤ የታመሙ ሕፃናትን አቅፋና አጥባ የምታሳድገው እሷ ናትና።

ሽፋሽፍታቸው የታጠፈባቸው እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። ወረንጦውን ካንገታቸው ክር ጋር አንጠልጥለው ይዞራሉ። ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። እነሱ ግን ያለ እሱ ማደር አይችሉም። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ በበቀለ ጊዜም አጭርና ሸካራ ስለሆነ ይብስ ይወጋል። ለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ያስፈልጋል። የሚደረገው ቀዶ ጥገና አጭር ነው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውጭ እንዲመለስ ይሰፋል፤ ታካሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እማማ «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ» ቢሉም እንኳ ይዟቸው የሚሄድ ሰው አይጥፋ። ወረንጦም እንደ መኳያ ነው፤ አይዋሱትም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ። ጎረቤት መጥታ ኩል ስትለምን ምን እንበላት? በእኛ አገር ኩል የነፈገች ሴት ስሟ በክፉ ይነሣል። «ለዚህች ለኩል እንኳ?» ይባላል። ይህን ስለምናውቅ መንፈግን አንመክርም። ኩሉን ስጡ፤ የማይሰጠው መኳያው ነው። ከብልቃጡ ትንሽ ኩል በንጹሕ ወረቀት ወይም በክዳን ላይ አራግፉላት። በራሷ መኳያ ትኳል። የተረፈውን ወደ ብልቃጡ አትመልሱት።

«እትዬ፣ ኩል ይስጡኝ» ብትል ልጅቱ፣ «ኩሉስ ሞልቷል፤ መኳያሽን ይዘሽ ነይ፣ ልጄ» ማለት ይበቃል። በዚህ የሚቀየም ሰው የለም።

ለእያንዳንዷ ልጅ የራሷን መኳያ መሥራት ቀላል ነው። ደረቅ የወይራ እንጨት ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ አይሰነጠርም። ከእርሳስ ቀጠን ተደርጎ ይጠረባል። ጫፉ እንዳይሾል ክብ ይደረግና በድንጋይ ይለሰልሳል። በጉንጫችሁ ላይ አሂዱት፤ ጉንጭ የማይቧጥጥ ከሆነ ደህና ነው። የቸኮለች ልጅ የሣር ስንጥር ወይም ክብሪት ትጠቀም ይሆናል፤ ይሄ ዓይን ይወጋልና አይሆንም። በአንድ ቤት ሦስት እህትማማቾች ቢኖሩ መኳያቸው እንዳይቀያየር እያንዳንዷ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል በጭራው ላይ ትቅረጽበት። አበበች «አ»ን፣ ብርቱካን «ብ»ን፣ ዘነበች «ዘ»ን። ፊደል ለዚህም ይጠቅማል።

መኳያ ከተኳሉበት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። በቀሚስ ጫፍ መጥረግ ግን መልሶ ማቆሸሽ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። የብርና የናስ መኳያ በፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀቀላል። የእንጨት መኳያ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ባለቤቷ ዓይኗን ታማ ከነበረ፣ ምድጃ ውስጥ ይጣል፤ ሌላ ይጠረባል። ዓይኗን የሚያማት ሴት እስክትድን አትኳል። ኩል የዓይን መድኃኒት አይደለም። ሳትኳሉ በፊት ፊታችሁን ታጠቡ፤ ማታም ኩሉን አጥባችሁ ተኙ። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ምንጭ በሚቀዳበት አገር ይህ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ለፊት ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ሥሩ በምስማር የተበሳ ጣሳ በደጃፍ ቢንጠለጠል፣ በቀጭኑ ስለሚወርድ ጥቂት ውሃ ለቤተሰቡ ሁሉ ፊት ይደርሳል።

ስለ ኩሉም አንድ ነገር እንጨምር። ኩል የጥንት ነው። የግብፅ ሰዎች ከ4000 ዓመት በፊት ይኳሉ ነበር። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቅዱሳንን ሲሥሉ ዓይናቸውን አጉልተው ዙሪያውን በጥቁር ይከባሉ፤ የተኳለ ዓይን ይመስላል። ነገር ግን ኩል የሚፈጨው ከልዩ ልዩ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ እርሳስ የተባለ ማዕድን አለበት። ይሄ የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ የከሰል ዘመድ ነው፤ አይመርዝም። ማዕድኑ እርሳስ ግን መርዝ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተመረመረ ኩል ብዙ እርሳስ ተገኝቶበታል። በአሜሪካም ለመዋቢያ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክላል።

ይህ መርዝ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። «ዓይኑ እንዲጎላ» ወይም «ቡዳ እንዳይበላው» እየተባለ ሕፃን ሲኳል፣ ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፤ ጣቱንም ይጠባል። እርሳሱ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ደሙ ይገባል። ደሙን ያሳንሳል፤ የአእምሮውን ዕድገት ያጓትታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ እናት ግን ምክንያቱን አታውቅም። ነፍሰ ጡር ስትኳልም መርዙ በማኅፀን ወዳለው ልጅ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይኳሉ። ድንጋዩን አይቶ መለየት አይቻልም፤ መቀቀልም እርሳሱን አያወጣውም። የምትኳልም ሴት በዓይን ቆቡ ላይ ከውጭ በኩል ትቀባ እንጂ ወደ ውስጥ አታስገባ። ኩል በእህል ወፍጮ ወይም በበርበሬ ሙቀጫ አይፈጭም፤ ለብቻው ድንጋይ ይኑረው።

ፀጉር ላይ ስንመጣ ወስፌ አለች። በብዙ ቤት ሌማት የምትሰፋው ወስፌ ሹሩባም ትሠራለች። ሁለቱ ቢለዩ ይሻላል። ፀጉር ስትከፍል ወስፌዋ ራስ ትቧጥጣለች፤ አንዳንዴም ታደማለች። ከአንዷ ራስ ወደ ሌላዋ ከመሄዷ በፊት መቀቀል አለባት። ከዚያ ታደርቁና በጥቂት የኑግ ዘይት ታሻላችሁ፤ ዝገት አይነካትም። ዝገት ካልነካት ደግሞ ለልጅ ልጅ ትተርፋለች። ጋሜ ሲላጭም ለእያንዳንዷ ልጅ አዲስ ምላጭ ነው። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋሉ፤ ለድድና ለአንገት ንቅሳት የሚያገለግል መርፌም ያው ነው።

የእንጨት ሚዶ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይቆይም፤ ጥርሱ ይረግፋል። በለብታ ውሃና ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። የላስቲኩ ሚዶ ግን ቅማል ካለ እጅ የማያስችል ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆረቆር ያለበት ልጅ ሚዶው ለብቻው ነው።

ቅቤ በበዓል ሰሞን ይወደዳል። ታዲያ ጭንቅላት ላይ ሙሉ ጉብታ መከመር ምን ይጠቅማል? ፀሐይ ሲመታው ወደ ግንባር ይወርዳል፤ አቧራና ዝንብ ይሰበስባል። አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ከተወቀጠ አደስ ጋር ለውሶ፣ ፀጉሩን እየከፈሉ በጣት ጫፍ ሥሩን ማሸት በቂ ነው። ሌሊት በሻሽ ይታሰር፤ ጠዋት የተረፈው ይጠረግ። እንሶስላ ከሁሉም ርካሽ ነው። ሥሩ ከወንዝ ዳር ተቆፍሮ ይታጠባል፤ ተልጦ ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ይታሰራል። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ ግን አይሁን።

ከሱቅ የሚገዛ ኩልና የከንፈር ቀለም አለ። በእርሳስ መልክ የሚሸጠው ኩል በየጊዜው ጫፉ ቢቀረጽ ንጹሕ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን አትዋሱት። የከንፈር ቀለም ሱቅ ውስጥ መሞከር ካስፈለገ በእጅ ጀርባ ላይ ነው፤ ከንፈር ላይ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት በዕቃው ላይ የማብቂያውን ቀን ፈልጉ። የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ዓመት ይመጣል። ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ቀንሱ፤ ወሩ ከ9 በላይ ከሆነ ግን 7 ቀንሱ። ለምሳሌ 6/2027 ተብሎ ቢጻፍ፣ ዕቃው የሚያበቃው በእኛ በ2019 ዓ.ም. ሰኔ ገደማ ነው። ቁጥሩን እንደ እኛ ዓመት ያነበበች ገዢ ዕቃው 8 ዓመት ያህል ዘግይቶ የሚያበቃ ይመስላታል።