ጡት እያጠቡ ክብደት መቀነስ፤ ሸክሙ የማን ነው?



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን የአራት ወር ልጇን አቅፋ እዚህ ሞያሌ ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። ከባለቤታችን ጋር ሻይ እየጠጡ ሲጫወቱ ልጁ አላርፍ አለ። ጡት ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ባለቤታችን «ምነው እህቴ፣ አልጠገበም እንዴ?» ብትላት እንባ ቀደማት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአርባ ቀን አራስነቷን ጨርሳ ስትወጣ ከሠርጓ ጊዜ ይልቅ አሥራ ሁለት ኪሎ ጨምራ ነበር። ባሏ አንድ ቀን በቀልድ «አሁንማ በሩ ሊጠብሽ ነው» አላት። እሱ ወዲያው ረሳው፤ እሷ ግን አልረሳችውም። ቁርስ መብላት ተወች። ከገበያ «ያከሳል» የተባለ ሻይ ገዝታ ጠዋትና ማታ ጠጣች። ሆዷን በመቀነት አጥብቃ አሰረች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ልጁ ገና የሁለት ወር ሳለ «እግረ መንገዴን እከሳለሁ» ብላ ጾመች። ልጁ ማልቀስ ሲያበዛ «ወተቴ ቀጠነ» ብላ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ ጀመረችለት። ከዚያ በኋላ የእሷ ወተት እውነትም እየጎደለ ሄደ።

ይህችን እህት መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ጤናን መጠበቅ አማና ነውና ክብደቷን ለመቀነስ ማሰቧ ስህተት አልነበረም። የተሳሳተው መንገዱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸክሙን ብቻዋን መሸከሟ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ሰውነት ለወተት የሚያወጣው ሒሳብ

ነዳጅ በሊትር እንደሚሰፈር ሁሉ ከምግብ የምናገኘው ኃይል የሚሰፈረው በካሎሪ ነው። ልጇን ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በቀን በአማካይ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ወተት ትሰጣለች። የዓለም የጤና ድርጅት እና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2004 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የባለሙያዎች ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የእናት ሰውነት ለዚህ ወተት በቀን 675 ካሎሪ ያህል ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 170 ያህሉ በእርግዝና ከተጠራቀመው ስብ ሊሸፈን ይችላል። የቀረው 505 ግን ከምግብ መምጣት አለበት። በእርግዝናዋ ወቅት በቂ ምግብ ያላገኘች እናት ደግሞ የሚቀነስ ስብ ስለሌላት ሙሉውን 675 ከገበታ ማግኘት ይኖርባታል።

እንግዲህ አላህ (ሱ.ወ) በእናት ገላ ላይ ያስቀመጠው ስብ ለልጁ የተቀመጠ ስንቅ ነው ማለት ነው። ማጥባት ራሱ ስንቁን በየቀኑ በጥቂቱ ያወጣዋል። ለዚህም ነው ማጥባትን የሚጠላ ችኮላ ራሱን የሚያሸንፈው።

የወተቱ መጠን በዋናነት የሚወሰነው ልጁ በሚጠባው ልክ ነው። ልጁ በጠባ ቁጥር ይመረታል፤ ጡጦ ሲገባ ጡት መጥባቱ ይቀንሳል፤ ጡት መጥባቱ ሲቀንስ ወተቱም ይጎድላል። በተማሪያችን ላይ የደረሰው አንዱ ይኸው ነበር። በዚያ ላይ ውሃ በጀሪካን ገዝተን በምንጠቀምባት ከተማችን ንጽሕናው ያልተጠበቀ ጡጦ ለሕፃን የተቅማጥ በር ነው።

መጀመሪያ ራስን ማወቅ

ሁሉም እናት መክሳት የለባትም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 ከመቶው ከተገቢው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከተገቢው በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ናቸው። በእኛ አካባቢ ሁለቱ በአንድ ሠፈር ይኖራሉ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው የቦረና እናቶችን አይተናል። እነርሱን «ክሱ» ማለት አይቻልም። በአንጻሩ በሱቅ ውለው ከጣፋጭ ሻይ፣ ከማንዳዚና ከፓስታ የማይርቁ እህቶችም አሉ።

ለማወቅ መንገዱ ቀላል ነው። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ለክተን፣ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ እናካፍለው። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክሳት ነው፤ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ውፍረት ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች እናት ከ47 ኪሎ በታች ከሆነች መብላት እንጂ መቀነስ አያስፈልጋትም። 64 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነች ግን በቀስታ ብትቀንስ ይጠቅማታል።

ያለ ረሃብ 500 ካሎሪ

በቀስታ ስንል ምን ያህል ነው? በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች በ2000 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጠናል። ውፍረት ያላቸው 40 የሚያጠቡ እናቶች ከወለዱ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ለአሥር ሳምንታት ተከታተሏቸው። ግማሾቹ ከዕለት ምግባቸው 500 ካሎሪ ቀንሰው፣ በሳምንት አራት ቀን ለ45 ደቂቃ ሰውነታቸውን አንቀሳቀሱ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ቀነሱ። የልጆቻቸው እድገት ከሌሎቹ ልጆች አልተለየም። ይሁንና ብዙ ባለሙያዎች የምታጠባ እናት በቀን ከ1800 ካሎሪ በታች እንድትወርድ አይመክሩም።

አሁን ወደ ማጀታችን እንግባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ያህል አለው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ጨምራ በቀን ስድስት ብርጭቆ የምትጠጣ እናት ከስኳር ብቻ 290 ካሎሪ ታገኛለች። ወደ አንድ ማንኪያ ብትወርድ 190 ቀነሰች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ከራሷ ድርሻ ሁለት ማንኪያ ቢቀር 240 ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ በውሃ ብትተካ 125 ያህል ይጨመራል። ሲደመር ከ500 አልፏል! ከገበታዋ ግን ወተት፣ እንቁላል፣ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ጎመንና ሥጋ አልተነሳም። መቀነስ ያለባቸው እነዚያ ናቸው፤ እነዚህ አይነኩም። የግመል ወተት የለመደች ትጠጣ፤ ስኳር ግን አትጨምርበት። ማለዳ ወይም ከዐስር በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ልጇን አዝላ መራመድም ጥሩ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ሌላ ሕመም ያለባት እናት ግን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ልንርቃቸው የሚገቡ

«ያከሳል» የሚባለው ሻይ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለበት ነው። የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ስማቸው በማይታወቅ የማክሻ ክኒኖች ውስጥም ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ ባለው ጉዳት ምክንያት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የተነሳ ነው። ጫትም የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ እንደ ማክሻ የሚወስዱት አሉ። ነገር ግን በውስጡ ያለው አነቃቂ ነገር ወደ ጡት ወተት እንደሚያልፍ ተረጋግጧል። መቀነቱም ወገብን ይደግፍ ይሆናል እንጂ ስብ አያቀልጥም።

ረመዳን ማክሻ አይደለም

ጾም ዒባዳ ነው፤ ኒያውም ለአላህ ብቻ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አላህ በጾም ላይ ማቅለያ እንደሰጣቸው ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በአካባቢያችን በሰፊው በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ለራሷ ፈርታ ያፈጠረች እናት ቀዷ አለባት። ለልጇ ብቻ ፈርታ ያፈጠረች ደግሞ ከቀዷው ጋር ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙድ እህል ለሚስኪን ትሰጣለች። ዝርዝሩን እያንዳንዷ እናት ከዑለማዎቻችን ትጠይቅ። የጌታዋን ማቅለያ ለመስታወት ብላ መተው ግን ተገቢ አይመስለንም።

የአባት ድርሻ

አሁን ወንድሞቻችን ያዳምጡን። የሙሉ ሁለት ዓመት ማጥባትን የሚያወሳው የሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ብዙዎቻችን እናቶችን ለማሳሰብ የምናነበው ነው። ይኸው አንቀጽ ግን የምታጠባዋን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል። ጡት የማስጣሉንም ጉዳይ ሁለቱ ተማክረውና ተስማምተው የሚወስኑት አድርጎታል። ምክክር ማለት ደግሞ እሷ ብቻዋን እያለቀሰች የቆርቆሮ ወተት መክፈቷ አይደለም።

ስለዚህ የሚስቱ ጤና የሚያሳስበው አባት ስለ ገላዋ አይቀልድ። ለስላሳውን ትቶ እንቁላልና ቦሎቄ ይዞ ይግባ። እሱም በሻዩ ስኳር ይቀንስ፤ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሻይ ማፍላት አይቻልምና። እሷ ስትራመድ ጀሪካኑን እሱ ይሸከም። ሌሊት ልጁ ሲነቃ ተነስቶ አንስቶ ይስጣት። እንቅልፍ ያጣች እናት ብዙውን ጊዜ ኃይል የምትፈልገው ከስኳር ነው።

የተማሪያችንን ባል በአንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ይዘነው ወጣንና ይህንኑ አጫወትነው። «ኡስታዝ፣ ወላሂ እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» አለን። ሌላ አልተናገረም። በማግስቱ ግን ሚስቱንና ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። በባለሙያ ምክር ልጁ ቶሎ ቶሎ እንዲጠባ እየተደረገ፣ ጡጦው በየጥቂቱ እየተቀነሰ ቀረ። ወተቱም አልሐምዱሊላህ ተመለሰ። እሷ እስካሁን የቀነሰችው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ስትጎበኘን ግን ልጁ ጠግቦ እቅፏ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባለቤታችን ሻይ ስትቀዳላት «አንድ ማንኪያ ብቻ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን።