የለቡ መብራት ኃይል ታሪክ፤ ከሕንፃው ወይስ ከማሳው?

በአዲስ አበባ ዳር ያለው የለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ታሪክ ቢጻፍ ከየት ይጀምር? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ከኮንዶሚኒየሙ ይጀምራል

ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮች የሚጽፍ ሁሉ ፒያሳን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ ጉለሌን ይዞ ይቀራል። ለቡ ላይ ሲደርስ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ያልፋል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1976 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ነበር፤ በ1987 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። በ23 ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን ሕዝብ መሐል ከተማው ሊይዘው አልቻለም፤ የተሸከሙት ጀሞ፣ ላፍቶ፣ ለቡና መሰሎቻቸው ናቸው።

በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ለድሃው የነበረው ተስፋ የቀበሌ ቤት ነበር፤ ኪራዩ ርካሽ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። በ1997 ገደማ ሥራ የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር 400 ሺህ ቤት ለመሥራትና 200 ሺህ የሥራ ዕድል ለመፍጠር አቀደ። እስከ 2003 ገደማ በመላ አገሪቱ የተሠራው 171 ሺህ ነው፤ ከግማሽ በታች። ፈላጊው ግን በ1997 ከ450 ሺህ በላይ፣ በ2005 ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነበር፤ ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር። በዚህች ከተማ ታሪክ ይህን ያህል ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በስሙ ካርታ የያዘበት ሌላ ዘመን አላውቅም።

የለቡን ሕንፃዎችም ቀርቦ ማየት ነው። ባለ አራት ፎቅ፣ ደረጃው በውጭ፣ ወለሉ ባዶ ብሎኬት በቢም መሐል ተደርድሮ የተሞላ። ከብሎኮቹ መሐል ኮሚናሉ አለ፤ በዓል ሲደርስ በጉ የሚታረድበት፣ በርበሬው የሚቀነጠስበት፣ ለሠርግም ለልቅሶም ሰው የሚሰበሰብበት። ይህን የነደፈው ሰው የአገሩን ኑሮ ያውቅ ነበር።

የጂቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃርን ሠራ። በመቶ ዓመቱ፣ መስከረም 2009፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ መስመር ሲመረቅ ምረቃው የተካሄደው ፉሪ-ለቡ ጣቢያ ላይ ነው። ከተማዋ ወዴት እንደሄደች ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ከኮንዶሚኒየሙ በፊት የነበረው ባዶ ሜዳ ነው፤ የሰፈር ታሪክ የሚጀምረው ሰፈር ሲኖር ነው። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ፎቶ ፍለጋ ተሯሯጥን። ለቡ ላይ ሕንፃውም የመጀመሪያው ነዋሪም በቦታቸው እያሉ ንድፉን፣ የዕጣ ዝርዝሩን፣ የርክክብ ቀን ፎቶውን እንሰብስብ።

ከማሳው ይጀምራል

ፉሪ ተራራ ግርጌ አንዲት የኦሮሞ እናት፣ አዴ የምላቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ቡና አፍልተውልኝ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሕንፃዎቹ አሳዩኝ። «ያ ቢጫው አጠገብ አውድማችን ነበር። ወዲህ ሽምብራ፣ ወዲያ ጤፍ።» ከዚያ ስለ አፈሩ ነገሩኝ። ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ጥጃ እግሯን ትሰብርበታለች። ጤፉ በሐምሌ መጨረሻ ይዘራል፤ ሽምብራውና ጓያው ግን ውሃው እስኪሸሽ፣ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ቀኑን እንደ ጸሎት ሰዓት ይዘው ነው። ዛሬ የሚያርሱት የላቸውም።

ይህ እውቀት በማንኛውም የሰፈር ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም እዚያ መሬት ላይ የኖሩት ሰዎች አልተሰወሩም። ጥበቃ ሆነው፣ ቀን ሠራተኛ ሆነው፣ በራሳቸው ማሳ ላይ የቆመውን ብሎክ በር ይከፍታሉ።

በ1967 የካቲት አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን ለአራሹ ሰጠ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1997 አዋጅ ቁጥር 455፣ ለልማት የሚነሣ ገበሬ ካሳው ተወሰነለት፦ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ። መሬቱ ራሱ ዋጋ የለውም፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። በኋላ አዋጅ 1161 አሥሩን አሥራ አምስት አደረገው። ሕግ አውጪው ራሱ አሥሩ እንደማይበቃ ያመነ ይመስለኛል፤ በአሥሩ የተነሡት ግን ልዩነቱን አላገኙም። አሥር ዓመት ሲያልቅ የአዴ ልጆች ምን ይብሉ? አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ አካባቢዎች ጋር ሊያቀናጅ በታቀደው ማስተር ፕላን ላይ በ2006 የተነሣው ተቃውሞ ዕቅዱ በጥር 2008 እስኪሰረዝ ስንት ልጅ በላ! ያ ቁጣ የበቀለው ከዚህ ዓይነት ማሳ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሲሚንቶ ሳጥን ደርድሮ «ታሪክ ዛሬ ተጀመረ» ማለት ግፍ ነው።

መልስ

«የሲሚንቶ ሳጥን»! እዚያ ቤት የገባ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? እቁቡን ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ለባንክ ያስገባ፣ አዲስ ልሳን ጋዜጣ ላይ ስሙን በጣቱ እየተከተለ የፈለገ ሰው ነው። አንዳንዱ የገባበት ስቱዲዮ 20 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ግድግዳው ልስን ሳይኖረው ተረክቦ በየወሩ በደመወዙ ያስጨረሰው ነው። ያ ቤት ለእሱ ሳጥን አይደለም። ለገበሬው መሟገት ነዋሪውን ሳያዋርዱ ይቻላል፤ አልተሞከረም።

የመልስ መልስ

ጸሐፊው የጋዜጣውን ዝርዝር አነሡ። እኔም የምጠይቀው ስለዚያው ዝርዝር ነው። ዕጣ የወጣላቸው ስም ለሕዝብ ታትሞ ወጣ፤ የተነሡት ስም በየትኛው ጋዜጣ ወጣ? «ባዶ ሜዳ» ብለው መጻፋቸው አልዋጥ ያለኝ ለዚህ ነው። ሜዳው ውስጥ ቤት ነበር፣ መቃብር ነበር፣ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ነበር፤ ባለቤቶቹ ስም አላቸው።

ይህም ይሰብሰብ። ካሳ ሲከፈል የተፈረመበት ወረቀት አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ካለ ይፈለግ። አውድማው የነበረበትን በእጃቸው የሚያሳዩ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ ድምፃቸው ይቀዳ። ቃላቸው በተናገሩበት በኦሮምኛ ይታተም፣ አማርኛው ከጎኑ ይሁን፤ ከዕጣ ዝርዝሩ ቀድሞ።